ቀኙን ያልሞላሁት ሐረግ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አባዬ መንገድ ላይ ቆም አሉና፣ «የአዲሱ መጽሐፍ የራስጌ ሐረግ ያንቺ ነው» አሉኝ። እንዲሁ፣ ስለ ጨው ማለቅ እንደሚያወሩ ሁሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ እዚያው ተተክዬ ቀረሁ። እማዬ ከኋላ ደርሳ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና፣ «ምነው? መጣብሽ እንዴ?» አለች።

«አይ እማዬ፣ ደስ ብሎኝ ነው።»

«ደስታም እንዲህ ያደርቃል?» ብላ ፊቴን እያገላበጠች አየችኝ። አልፈርድባትም። እኔ ድንገት ዝም ብዬ አንድ ቦታ ከቆምኩ ቤታችን ውስጥ የሚጠረጠረው ደስታ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው የትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ «ታሞ የተሻለው ተማሪ ገጠመኙን ይጻፍልን» ስላለ ነው። እጄን አወጣሁ። ድሮ እጄን የማወጣው ወደ ውጭ ለመውጣት ለማስፈቀድ ብቻ ነበር። ጓደኛዬ ሰናይት፣ «አንቺ? ድርሰት?» ብላ ሳቀችብኝ። ይኸው ሰናይት፣ አንቺንም አስገብቼሻለሁ፤ ቆይ ትደርሻለሽ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ሰው የሚጠራቸው እንዲሁ ነው፤ እማዬም ብትሆን «መሪጌታ» ነው የምትላቸው። የተወለዱት ጋዝጊብላ ነው፤ አሁን ሰቆጣ ዳር ባለችው ቤታችን በር ላይ ተቀምጠው ብራና ይጽፋሉ። ሐረግ የሚባለው በብራና መጽሐፍ ገጽ ራስጌ ላይ የሚሣለው ጌጥ ነው፤ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ መነሻውና መድረሻው የማይታወቅ። ሕጉ ቀላል ነው። አንዱ ክር ከላይ ካለፈ ቀጥሎ ከሥር ያልፋል፤ ከሥር ካለፈ ደግሞ ቀጥሎ ከላይ። ሌላው እንደ እጅሽ ነው። ማዕዘኑን ቅጠል ማድረግ ትችያለሽ፤ ክሩን ማወፈር፣ ክፍተቱን በነጠብጣብ መሙላት፣ ወይም ባዶ መስኮት መተው ትችያለሽ። እኔ በቁራጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ይህንኑ ስለዋውጥ ነው ያደግሁት። አንድ ነገር ብቻ እቀይርና እጨርሰዋለሁ፤ ከዚያ ሌላ አንድ ነገር። አያልቅም። ደስ የሚለውም እሱ ነው።

አባዬ በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቁም። መጀመሪያ የግራውን ግማሽ ይሠራሉ፤ ከዚያ በመስተዋት እንደሚታይ አድርገው ቀኙን ይሞሉታል። ግማሽ ትቶ መነሳት እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። «በአንድ እግር ጫማ ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ?» ይሉኛል። ይህን ነገር አስታውሱልኝ፤ በኋላ ብዙ ያለፋን እሱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ብርቱ ፀሐይ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከአባዬ አጠገብ ተቀምጬ ስሥል ከወረቀቴ በስተግራ አንዲት ዶቃ ታየችኝ። ቀይ ነች፤ ዙሪያዋ አረንጓዴ። ፀሐይ ያየሁ መሰለኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨፍኜም አለች። ትንሽ ቆይታ ሁለት ሆነች፤ ከዚያ ብዙ። መሽከርከር ጀመሩ። ከዚያ ደግሞ እርስ በርሳቸው መያያዝ ጀመሩ፤ አንዷ ከላይ፣ ቀጣይዋ ከሥር። ሕጉን ያውቁታል። ሰውነቴን የወረረኝ ያኔ ነው። በደንብ ላያቸው ወደ ግራ ዞርኩ፤ እነሱም አብረውኝ ዞሩ። ሁልጊዜ ከዓይኔ ጥግ አለፍ ብለው፣ ልደርስባቸው ስል ደግሞ አለፍ ብለው።

ስነቃ፣ ተኝቼ አልነበረም ግን ሌላ ቃል የለኝም፣ ስነቃ ወረቀቱ ላይ ያለው ሐረግ አድጎ አገኘሁት። የት እንዳቆምኩ አውቃለሁ፤ የጀመርኩትን ማዕዘን ገና አልዘጋሁትም ነበር። አሁን ማዕዘኑ ተዘግቷል፤ ከእሱም ሌላ ወጥቷል፤ ከዚያኛውም ሌላ። መስመሩ ወረቀቱን እስኪቀደው ድረስ የተጫነ ነው፤ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነበለ። እኔ እንደዚያ አልሥልም። ጣቶቼ ግን ቀለም በቀለም ሆነዋል።

«ይሄን ማን ሣለው?» አሉ አባዬ።

«እኔ አይደለሁም።»

እንዲህ ብሎ መመለስ ሞኝነት ነው፤ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። አባዬ ግን አልተቆጡኝም። ወረቀቱንም ትተው አንገቴን ነበር የሚያዩት። «ምን ልታዪ ነው ወደዚያ የዞርሽው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ምንም፤ ዶቃ ነገር አየሁ መሰለኝ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ምድጃው ውስጥ ከተቱት። የቀለም ቀንዳቸውን ደግሞ እጄ ከሚደርስበት አንስተው ጣራው ሥር ካለው ማገር ላይ ሰቀሉት። ምክንያቱን አልነገሩኝም። ሐረጉ የራሱ ዓይን እንዳለውና እኔን እንዳየኝ ያመኑ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ያመንኩት እንደዚያ ነበር። ያን ቀን ከሕመሙ ይልቅ የፈራሁት ብዕር ዳግመኛ እንዳልይዝ መከልከሌን ነው። እስከ መጨረሻው ድረስም ከሁሉ በላይ የፈራሁት እሱን ነበር።

ዶቃዎቹ ከመጡ በኋላ ራሴን ይፈልጠኛል፤ ያስመልሰኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» አለ፤ በርበሬ ተከለከልኩ። ሁለተኛው ደም አይቶ «ታይፎይድ ነው» አለ። ታይፎይድ እኛ አገር እንደ ሰላምታ ነው፤ ክሊኒክ የገባ ሳይቀበለው አይወጣም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ዶቃዎቹ ግን መጡ። ሦስተኛው መነጽር አዘዘልኝ። በመነጽሩ ዶቃዎቹ ጠርተው የሚታዩኝ መስሎኝ ፈራሁ፤ እነሱ ግን መነጽር አድርጌም ሳላደርግም ያው ናቸው። እማዬ ፍየሎቻችንን አንድ በአንድ ወደ ገበያ ስትነዳ እያየሁ «አሁን ደህና ነኝ» ማለት ጀመርኩ። አባዬና እማዬ በኔ ነገር ሲጨቃጨቁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ግድግዳችን ግን ስስ ነው።

«መሪጌታ፣ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ» ትላለች እማዬ።

«ምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ለምንድን ነው ልጅቷን እንደዚያ የሚያይዋት?»

አባዬ በሩን ከፍተው ሲወጡ እሰማለሁ።

አሁን ወደሚያስፈራው ልግባ። የቀለም ቀንዱ ቢሰቀልም እኔ መሣሌን አልተውኩም። ደብተሬ ጠርዝ ላይ፣ ትቢያ ላይ በጣቴ፣ ብርድ ልብስ ላይ በጥፍሬ እሥል ነበር። አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር፣ ወይም የገባኝ መስሎኝ ነበር፤ ያን የማየውን ሐረግ በትክክል ሥዬ ከያዝኩት መምጣቱን ይተዋል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ሕጉን ሳልነካ ሁሉንም ዓይነት ሞከርኩ። ክቡን ካሬ አደረግሁት፤ ካሬውን ዓሣ አደረግሁት። ክሩን ለሁለት ሰነጠቅሁት። መስቀለኛው ላይ ቋጠሮ ጨመርኩ። አንዱም እሱን አልሆነም። ግን አንድ ቀን ማዕዘኖቹን በቅጠል የሠራሁት ሐረግ ነበር፤ ጫፋቸው የተሰነጠቀ ቅጠሎች፣ የራሴ ፈጠራ፣ ማንም ያላየው። ከዚያ በኋላ ዶቃዎቹ ሲመጡ ቅጠል ነበራቸው። ጫፉ የተሰነጠቀ።

ቋጠሮውን ስሠራ ደግሞ ቋጥረው መጡ።

ለማን ይነገራል? እኔ እሱን ለመያዝ ስሥል እሱ ከኔ እየተማረ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እማዬ ጀርባ ላይ ተለጥፌ እተኛ ነበር፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። እማዬ አንድም ቀን «ትልቅ ሰው አይደለሽም ወይ» አላለችኝም። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም።

የወደቅሁት ክፍል ውስጥ ነው፤ በፊዚክስ ሰዓት። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ክብ ሲሥል አስታውሳለሁ። ከሰሌዳው በስተግራ ሌላ ክብ ታየኝ፤ እሱ ያልሣለው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌላ ሰው ነው የነገረኝ። ተንቀጠቀጥኩ፤ አፌ አረፋ ደፈቀ። ልጆቹ ግድግዳ ጥግ ድረስ ሸሹ፤ ነክቶኝ እንዳይጋባበት ያልፈራ አልነበረም። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ያዘ፤ እኛ ዘንድ የወደቀ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚፈለገው ክብሪት ነው። ቃጠሎው እስካሁን ከከንፈሬ በላይ ምልክት አለው። ሰናይት ነች ክብሪቱን ከእጁ መትታ የጣለችው። ሹራቧን ከራሴ ሥር አድርጋ እስክነቃ ጉልበቷን አስደግፋኝ ተቀመጠች።

ስነቃ ያየሁት ፊቷን ነው። «የት ነኝ?» አልኳት።

«ፊዚክስ ክፍል። ጥያቄ ሊጠይቅሽ ሲል ወደቅሽ። እንደዚህ ያለ ዘዴ ካለሽ ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?»

ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ለሳምንታት ከሰናይት በቀር ከኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠ የለም። «ሰፊ ሆነልን» ትል ነበር እግሯን ዘርግታ።

እማዬ ጠበል ወሰደችኝ። ሰነበትን፤ ጠጣሁ፣ ተጠመቅሁ። እዚያ ልቤ አርፎ ነበር፤ ያንን አልክድም። የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡና ነገሩን ከእማዬ ሰሙ። «ጠበሉን አትተዉ፤ ሐኪም ቤቱንም አትተዉ» አሉ። «ሁለቱን አጣልቶ የሚያወራላችሁ ሰው ካለ አትስሙት።» እማዬ ይህን ቃል ከሳቸው መስማቷ በጀኝ። ሌላ ሰው ቢላት ኖሮ አትሰማም ነበር።

ቀጥሎ ያየኝ ሐኪም ጥሩ ሰው ነበር። የማየውን በቃል ማስረዳት ሲያቅተኝ ወረቀት ሰጠኝና ሣልኩለት። አየና፣ «ከግራም ከቀኝም እኩል ነው የሚመጣብሽ ማለት ነው» አለ። አዎ አልኩ። «ማይግሬን ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ማይግሬን ማለት ከባድ የራስ ምታት ነው፤ አንዳንዱን ሰው ሳይጀምረው በፊት ብልጭታ ያሳየዋል። የራስ ምታቱን መድኃኒት ወሰድኩ። ዶቃዎቹ ግን ባሰባቸው። ደግሜ ወደቅሁ፤ አሁን ደግሞ በር ላይ፣ ምድጃው አጠገብ። አባዬ ናቸው የሳቡኝ። በማግስቱ ወደ ደሴ ሪፈር ተጻፈልኝ። አባዬ፣ «እኔ እወስዳታለሁ» አሉ።

በአውቶቡስ ወደ ወልድያ ወረድን። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ከላይ ያለፍንበት መንገድ ከሥራችን ይወጣል፤ ከሥር ያየነው ከላያችን። ሹፌሩም ሕጉን የሚያውቅ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ።

ደሴ ሆስፒታል ስንደርስ ወረፋው እስከ ደረጃው ድረስ ነው። አግዳሚው ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠችው እናት ከፃግብጂ ነው የመጣችው፤ ለባሏ ዓይን። እንዳየችኝ፣ «ምነው ልጄ፣ ግድግዳው ምን አደረገሽ እንዲህ የምታፈጪበት?» አለችኝ። ከግድግዳው ንጣፍ ውስጥ ሐረግ እየፈለግሁ ነበር። ከመቀነቷ ዳቦ ቆሎ ፈትታ እጄን ሞላችልኝ። «እየቆጠርሽ ብዪ፤ ወረፋው ቶሎ ይሄዳል።» ወረፋው አልሄደም፤ ቆሎው ግን ግድግዳውን አስረሳኝ። ስሟን አልጠየቅሁም። ይቆጨኛል።

ያየችኝ ሐኪም ወጣት ነች፤ ድምፅዋ ደከም ያለ። ሁሉንም ጠየቀችኝ። መልስ ሳጣ፣ «ቃል ሲያጥርሽ አያለሁ» ብላ እስክሪብቶዋን ሰጠችኝ። «ሣዪልኝ እስቲ።»

ሣልኩ። ግራውን ስሠራ እስክሪብቶው ወረቀቱን ወጋው። ከዚያ እጄ እንደለመደው ቀኙን ሞላሁ።

«በሁለቱም በኩል ነው ማለት ነው?» አለች ሐኪሟ።

አዎ ልል አፌን ስከፍት ከኋላዬ የአባዬ ድምፅ መጣ። ካርድ ከማውጣት ወዲህ የተናገሩት የመጀመሪያው ነገር ነው።

«ልጄ፣ ቀኙን አየሽው ወይስ ሞላሽው?»

እኔ ወረቀቱን አየሁት። ግራው የኔ አይደለም፤ የተጫነ፣ የሚጮኽ። ቀኙ ግን ንጹሕ ነው፤ አባዬ እንዳስተማሩኝ።

«ሞላሁት» አልኩ።

«ለምን?» አለች ሐኪሟ።

«ግማሽ ትቶ መነሳት ነውር ነው።»

አልሳቀችም። ወረቀቱን መሐሉ ላይ አጠፈችና ቀኙን ከሥር ደበቀችው። ሌላ ወረቀት ሰጠችኝ። «አሁን የሚታይሽን ብቻ ሣዪልኝ። ማማሩ ይቅር።»

እንደዚያ ያለ ነገር ሥዬ አላውቅም። ወረቀቱ ግማሹ ባዶ ሆኖ ቀረ። እጄ ወደ ቀኝ ሊሄድ ሲል በሌላው እጄ ያዝኩት። ቀለም አለው ወይ ስትለኝ ቀይና አረንጓዴ ነው አልኳት። እስኪጠፋ ድረስ ያለውን ጊዜ በሰዓቷ እየለካች በምናቤ አስቆጠረችኝ፤ በጣም አጭር ነው። ማይግሬን እንደዚህ አይቸኩልም አለች። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረች።

«በቤተሰብ ውስጥ እንደዚህ ያለ ነገር የነበረበት ሰው አለ?»

ይህን ጥያቄ በሁሉም ክሊኒክ ተጠይቀዋል። በሁሉም «የለም» ብለዋል። አሁን ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እኅት ነበረችኝ» አሉ። «አስካለ ትባላለች፤ ታላቄ ነች። ‹ዶቃዬ መጣ› ትል ነበር በቋንቋችን፣ በኽምጣኛ። አንገቷን ወደ ግራ ታዞራለች፤ ከዚያ ትወድቃለች። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ወንዙ ውስጥ ወደቀች። ደርሼ ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ ሰባት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ውሃው ጉልበት አይሞላም።»

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች።

«አባቴ ‹ለማንም እንዳትናገሩ› አለን። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ማን ያገባል ብሎ ነው። እኔም ምዬ ነበር። ይህች ልጅ በዚያን ቀን ‹ዶቃ› ስትለኝ...»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሐረጉን የፈሩ ይመስለኝ ነበር። የሚያዩት ግን እኔ ላይ የአስካለን አንገት ነበር። እኔ አስካለ የምትባል አክስት እንደነበረችኝ እንኳ አላውቅም ነበር። እኔ የማየውን ዶቃ እሷ ከኔ በፊት፣ ብዕር ሳትይዝ፣ ሐረግ ሳታውቅ አይታዋለች። ይህን ሳስብ እስካሁን ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል።

ሐኪሟ እንዲህ ብላ አስረዳችን። የሚጥል በሽታ ሁሉ አይጥልም። አንዳንዱ ከአንጎል አንድ ጥግ ይነሳና እዚያው ያበቃል፤ አንዳንዴ ግን ወደ መላው አንጎል ይሰራጭና ያኔ ሰውየው ይወድቃል። የኔ የሚነሳው ከኋላ፣ ማየትን ከሚሠራው ክፍል ነው። የአንጎላችን ቀኝ የግራውን ስለሚያይ ዶቃው ሁልጊዜ በግራ ነው። አይጋባም። በአንዳንድ ቤተሰብ ግን ሊወረስ ይችላል። ሳላውቀው የሣልኩት ሐረግም ሊያጋጥም የሚችል ነው አለች፤ ሰውየው ራሱን ሳያውቅ እጁ የጀመረውን ሊቀጥል ይችላል። ስለ ቅጠሎቹ ጠየቅኋት፤ እንዴት ከኔ ተማሩ? «አንጎልሽ ካለው ነገር ነው የሚያሳይሽ» አለች። ትክክል ነች። ሆኖም ግን... ይሁን፤ ትክክል ነች።

ራሴ ላይ ሽቦዎች ለጠፉ። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚያነብ ማሽን ነው፤ አያምም፤ ፀጉር ግን በማጣበቂያው ይቆሽሻል። የማሽኑ ስክሪን ላይ መስመሮች ወረዱ፤ አባዬ ብራና ላይ በወስፌ እንደሚያሰምሩት የተደረደሩ። ለምርመራው ፊቴ ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲያደርጉ ከመስመሮቹ ጥቂቶቹ ተነስተው ሾሉ።

«ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?» አሉ አባዬ።

«የልጅዎ ነው» አለ ባለሙያው።

አባዬ ብዙ ቆመው አዩት። «ያስፈራል» አሉ። «ግን እጅ አለው።»

መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ እውጣለሁ። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ በእንቅልፍ አድርጎኝ ነበር፤ ሰናይት «ዶሮ እንኳ ከአንቺ በኋላ ነው የሚተኛው» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ዶቃዎቹ አንድ ጊዜ አልጠፉም። መጀመሪያ መያያዙን ተዉ። ከዚያ አነሱ። ከዚያ አንዲት ብቻ፣ ፈዘዝ ያለች፣ ብቅ ትልና ትመለሳለች፤ በር ላይ ቆሞ ለመግባት እንደሚያመነታ እንግዳ። ከዚያ እሷም ቀረች። የመጨረሻዋን ያየሁ ጊዜ የመጨረሻዋ መሆኗን አላወቅሁም ነበር። እንግዳ ነገር ልንገራችሁ? አንዳንድ ጊዜ ግራዬን አያለሁ። እንድትመጣ ፈልጌ አይደለም። ባዶ መሆኑን ለማየት ነው።

በክትትል ቀን ሐኪሟ መሣል ክልክል ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት ደነገጠች። «ማነው የከለከለሽ? ሐረጉ አላሳመመሽም። መድኃኒትሽን አታቋርጪ፣ እንቅልፍሽን ጠግበሽ ተኚ፣ ከእሳትና ከውሃ አጠገብ ብቻሽን አትሁኚ። ሥዕሉን እንዳትተዪ።»

አባዬ ሰምተዋል። ቤት ስንገባ በርጩማ ላይ ቆመው የቀለም ቀንዱን ከማገሩ አወረዱ። ውስጡ ያለው ቀለም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ምንም ሳይሉ አዲስ በጠበጡልኝ፤ የመቃ ብዕርም ቀረጹልኝ። «በእስክሪብቶ ይበቃሻል፤ ከእንግዲህ በዚህ ነው» አሉኝ። ሐኪሟ ዘንድ ቀኙን መሙላቴን እንዴት እንዳወቁም ያን ጊዜ ጠየቅኋቸው።

«ቀኙን ስትሠሪ አንቺ ነሽ» አሉ። «ግራውን ስትሠሪ ግን እጅሽ ወረቀቱን ይወጋዋል። እኔ የልጄን እጅ አላውቅም?»

አስካለ አሁን በቤታችን ስሟ ይጠራል። እማዬ በአባዬ ላይ ተቀይማ ነበር፤ ከሁሉ በፊት ለሷ ስላልነገሯት። ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ ከዚያ እሷው ራሷ «ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያን አይቶ እንዴት ይናገር» ማለት ጀመረች።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ቤት ደርሰን አባዬ የአዲሱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጠል አወጡ፤ ራስጌው ክፍት ነው።

«ግራውን ሥሪ» አሉኝ።

«ቀኙስ?»

«ቀኙንም አንቺው። ግን ግራውን አትቅጂው። ሕጉን ጠብቂ፤ ሌላውን እንደ እጅሽ አድርጊው።»

ይህን የሚሉት እነዚያው «በአንድ እግር ጫማ» የሚሉት አባዬ ናቸው። ዛሬ ግራውን ጨርሻለሁ፤ የተረጋጋ ነው፣ ብራናው የትም አልተወጋም። በቀኙ ቅጠሎቹን አስገባቸዋለሁ፤ ጫፋቸው የተሰነጠቀውን። የመጡት ከኔ ነው፤ ወደ እኔ ይመለሱ።

እናንተም፣ ሰው ወድቆ ብታዩ አትሽሹ፤ ክብሪት አትጫሩ፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። በጎኑ አስተኙት፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ እስኪነቃ አብራችሁት ቁጭ በሉ። ሰናይት ያደረገችው ይህንን ነው፤ ማንም ሳያስተምራት።

አንድ ነገር ደግሞ ከኔ ውሰዱ። ከቤታችሁ ወይም ከክፍላችሁ አንድ ሰው ሌላው የማያየው ነገር ይታየው እንደሆነ፣ ቃልም ካጠረው፣ አትሳቁበት፤ ዝምም አታሰኙት። ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡለት። ታማሚው እናንተ ከሆናችሁም ያው ነው፤ ሥላችሁ ይዛችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ። ብቻችሁን መጀመር ከፈራችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔና ሰናይት ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለን፤ የራሳችሁን ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ሕጉን ወዲያው አሳያችኋለሁ፤ ከላይ፣ ከሥር። ከዚያ እኔ የምላችሁ ሐኪሟ ለኔ ያለችኝን ብቻ ነው፤

የሚታይሽን ብቻ ሣዪልኝ። ማማሩ ይቅር።